በቀጠሮና በውጤት መካከል

የሲቲ ስካን ፊልም የሚያዝበት ትልቅ ኤንቬሎፕ አውቶቡስ ውስጥ አይደበቅም። ዘንቢል ውስጥ አይገባም፣ ነጠላም አይሸፍነውም፤ እንዳይታጠፍ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ወይም ደረት ላይ ታቅፎ ይኬዳል። ከጅማ ተነስቶ በአጋሮና በበደሌ በኩል ወደ መቱ በሚወጣው መኪና ላይ ይህን ኤንቬሎፕ የያዘ ሰው ሲሳፈር አጠገቡ የተቀመጠው “እግዜር ይማርህ” ይለዋል እንጂ ምን እንደሆነ አይጠይቀውም። ያዮን አልፎ ሁሩሙ ላይ ሲወርድ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላዋ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ፣ ከገበያ የሚመለሱት ሁሉ አይተውታል። ማታ ሊጠይቅ የሚመጣው ጎረቤት ግን የሚያወራው ስለ ቡና ዋጋና ስለ ዝናቡ ነው። ስለ ኤንቬሎፑ የሚጠይቅ ቢኖር ሕፃን ልጅ ነው።

ካንሰር ያለበት ሰው ኑሮ በቀጠሮ የተከፋፈለ ነው። መድኃኒቱ ሠራ ወይስ አልሠራም፣ ዕጢው ቀነሰ ወይስ ሌላ ቦታ ታየ የሚለው በአብዛኛው የሚታወቀው በምስል ምርመራ ነው፤ በራጅ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን፣ በኤምአርአይ። ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እህል አልዋጥ ይላል፣ ዓመታት የቆየ የወገብ ሕመም እንኳ እንደ አዲስ ያስፈራል። አሜሪካዊው ደራሲ ብሩስ ፋይለር የእግር አጥንት ካንሰር ከታከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ታይም መጽሔት ላይ ስለዚህ ፍርሃት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ጆሹዋ ባውምልና ባልደረቦቹ የተሰራጨ ወይም ያገረሸ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 103 ታካሚዎች ጠይቀው 83 በመቶዎቹ ከምርመራው ጋር የተያያዘ ጭንቀት እንዳለባቸው አሳተሙ። ከመቶ ሰማንያ ሦስት ሰው የሚይዘው ነገር የጥቂት ፈሪዎች ጉዳይ ሊባል አይችልም።

የአሜሪካው ታካሚ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ውጤቱን ነው። ከሁሩሙ ለሚነሳ ሰው ግን ውጤቱ የፍርሃቱ የመጨረሻ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት የሪፈር ወረቀቱ አለ፤ ጊዜው አልፎበት ይሆን? መሳፈሪያ አለ፣ አልጋ አለ፣ የአስታማሚ ምግብ አለ። ማሽኑ ይሠራል ወይስ “ተበላሽቷል፣ በሌላ ሳምንት ተመለሱ” ይባላል? ሆስፒታሉ ውስጥ ካልተገኘ በግል ማዕከል የሚከፈለው ከየት ይመጣል? የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ደብተር አብዛኛውን ጊዜ የግል ማዕከል ደጃፍ ላይ ዋጋ የለውም።

ሁሩሙ ያለችበት ኢሉባቦር የቡና አገር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ሁሩሙንም ያካትታል፤ ቡናው በዱር ከበቀለበት ጥላ ሥር ነው የሚለቀመው። ገንዘብ በእጅ የሚታየው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ቀጠሮ ግን የቡና ወቅት አያውቅም። ሐምሌ ላይ ከዋለ ፍሬው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነውና ያልተለቀመ ቡና አስይዞ መበደር ይመጣል። እንዲህ ተበድሮ የሄደ ሰው ማሽኑ ላይ ሲተኛ የሚያስበው ስለ ዕጢው ብቻ አይደለም። ውጤቱ ደህና ቢሆን እንኳ “ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ” ይባላል፤ ከሦስት ወር በኋላስ?

ይህን ሁሉ “አይዞህ” በሚል አንድ ቃል ማለፍ ልማዳችን ነው። “አይዞህ” መልካም ቃል ነው፤ ከልቡ የሚለው ሰው ይባረክ። ግን ፍርሃቱን የታካሚው የወኔ ማነስ አድርገን እንድናየው ያለማምደናል። የፍርሃቱ ትልቁ ክፍል የተሠራው ከርቀት፣ ከመጠበቅና ከዝምታ ነው፤ ሦስቱንም ደግሞ ሰው ሊያሳጥራቸው ይችላል።

ርቀቱ እንዴት እንደተፈጠረ ማስታወስ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ በመጣ የኮባልት ማሽን ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ ከሞያሌም ይምጣ ከሁመራ፣ ከጋምቤላም ይምጣ ከጅግጅጋ፣ ጨረር የታዘዘለት ሰው መድረሻው ያው አንድ ደጃፍ ሆኖ ቆየ። በዚያ ዘመን የካንሰር ሐኪሞቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ያወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰው አዲስ በካንሰር እንደሚያዝና ከ51 ሺህ በላይ እንደሚሞት ይናገራል። ይህን ሕዝብ አንድ ደጃፍ ላይ ስታሰልፈው ወረፋው በወር የሚቆጠር ይሆናል፤ በመጠበቅ ላይ እያለ ዕጢው ደረጃ የለወጠበት ሰው ጥቂት አይደለም። የወረፋው ትዝታ ዛሬም በኢሉባቦር ሰው ልብ ውስጥ አለ። “አዲስ አበባ ተጻፈለት” ሲባል የሚሰማው ሰው ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህ ካርታ ተቀይሯል። ጥቁር አንበሳ አዲስ ማሽን አገኘ፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞች ወጣ፤ ለምዕራቡ ሕዝብ ከሁሉ የሚበልጠው ዜና ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጨረር ሕክምና መጀመሩ ነው። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጅማ 250 ገደማ። ይህ ልዩነት ከመሳፈሪያ ዋጋ በላይ ነው። ጅማ ሐኪሙም ነርሱም አፋን ኦሮሞ የሚናገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዘመድ ይገኛል፤ ገበያውም የሚታወቅ ገበያ ነው። መቱ ካርል ሆስፒታል፣ ኢሉባቦርን እንደ አገሩ በወደደው በኦስትሪያዊው በጎ አድራጊ በካርልሃይንዝ በም ስም የሚጠራው፣ ለሁሩሙ ሰው የመጀመሪያው ትልቅ በር ነው። ሪፈሩም የሚጻፈው፣ ከሕክምና በኋላ ሰው የሚመለሰውም እዚያው ነው።

ስለ ማሽኑ ክፍል ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ የማያውቁት ነገር ከሚያውቁት ይልቅ ያስፈራልና።

ሲቲ ስካን እንደ ትልቅ ቀለበት ያለ ማሽን ነው። ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፣ ጠረጴዛው በቀለበቱ መሃል ወዲህና ወዲያ ይላል፣ “ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ” ይባላል። ምስሉ ራሱ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ብዙ ጊዜ በክንድ ደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ የደም ሥሮችንና ዕጢውን አጉልቶ እንዲያሳይ ነው። ይህ መድኃኒት ሲገባ ከጉሮሮ እስከ ሆድ ድረስ ሙቀት ይሮጣል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። ሽንት አላመለጠም፤ ስሜቱም ወዲያው ያልፋል። አስቀድሞ ይህ ያልተነገራት ሴት ግን እዚያው የምትሞት ቢመስላት አይፈረድባትም። ከመድኃኒቱ በፊት መነገር ያለበትም አለ፦ ኩላሊት ያመመው፣ የስኳር ክኒን የሚወስድ፣ ከዚህ በፊት መርፌ ያሳከከው ወይም ያሳበጠው፣ የፀነሰች ወይም የምትጠረጥር ሴት። ሳይጠየቁ መናገር ነውር የለውም።

ኤምአርአይ ሌላ ነው። ጨረር የለውም፤ በማግኔት ነው የሚሠራው። ግን ጠባብ ዋሻ ውስጥ ያስተኛል፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ በጣም ይጮኻል። ጩኸቱ የማሽኑ አሠራር ነው፤ ክፉ ነገር አየሁ ማለቱ አይደለም። ብረት ያለበት ነገር ሁሉ ይወልቃል፦ ቀለበት፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ የአንገት መስቀል። ከልጅነቷ ጀምሮ መስቀሏን አውልቃ የማታውቅ እናት በዚያች ሰዓት መስቀሏን ስትነጠቅ ምን እንደሚሰማት የገባው ባለሙያ “ልጅሽ በር ላይ ይያዝልሽ፣ ስትወጪ ትወስጂዋለሽ” ይላታል። ይህን ለማለት በጀት አያስፈልግም። በእጅ የሚጨበጥ የመጥሪያ ጎማ ይሰጣል፤ ሲጫን ባለሙያው ይሰማል። ጠባብ ቦታ የሚያፍነው ሰው ከመተኛቱ በፊት ቢናገር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢገባ፣ ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ቢቆጥር ይቀልለዋል። ጸሎትን በልብ መድገምም እንዲሁ ነው፤ ዳዊትም ሆነ ዱዓ ማሽኑን አያውክም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ታካሚ ያደርጋል፦ የባለሙያውን ፊት ያነባል። ዝም ካለ “አይቶታል” ይላል። አንድ ምስል ከደገመ “አገኘው” ይላል። ባለሙያው ውጤት እንዲናገር አልተፈቀደለትም፤ ምስሉን አንብቦ የሚጽፈው ሌላ ሐኪም ነው። ምስል የሚደገመው አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ስለተነቃነቀ ወይም ሌላ አቅጣጫ ስላስፈለገ ነው። “ውጤቱን እኔ አልናገርም፤ ዝም ያልኩት ሥራዬ ስለሆነ ነው” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የስንት ሰው እንቅልፍ ትመልስ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። በአፋን ኦሮሞ የታመመ ሰው፣ አንዳንዴም በአማርኛ ተመርምሮ፣ በእንግሊዝኛ ውጤት ይቀበላል። የሁሩሙ ታካሚ ሐኪሙ ጋ እስኪደርስ ድረስ ያንን ወረቀት የሚያነብለት በቤት ውስጥ ያለ የሃይስኩል ተማሪ ነው። ልጁ ቃላቱን ይለቅማል፤ ፊደሉን እንጂ ክብደቱን አያውቅም። ሳንባ ላይ “ጠባሳ” የሚለውን፣ ጉበት ላይ “ውኃ የቋጠረ ከረጢት” የሚለውን፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትለካ ነጥብን ሁሉ እንደ አንድ ክፉ ዜና ያነበዋል። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሰው ይዞ የለቀቀ በሽታ ነውና ከዓመታት በፊት ድኖ ጠባሳውን የተወ ሳንባ ፊልም ላይ መታየቱ የተለመደ ነው። ምስል አንባቢው ሐኪም ያየውን ሁሉ መጻፍ ግዴታው ነው፤ የጻፈው ሁሉ ካንሰር አይደለም። በዕድሜ የሚመጡ፣ ምንም የማያደርጉ፣ ሰውን ሳይጎዱ አብረውት የሚያረጁ ብዙ ነገሮች በምስል ይታያሉ።

ልጁ ካቃተው ወረቀቱ በስልክ ካሜራ ተነስቶ በቴሌግራም ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ወዳለው የአጎት ልጅ፣ ሚኒሶታ ወዳለችው ነርስ ዘመድ። ይህን ልማድ አልነቅፍም፤ በሌለበት የተገኘ መላ ነው። ግን መልሱ እስኪመጣ ሌሊቱ ይነጋል፣ መልሱም ሲመጣ ከታካሚዋ በፊት ወንድሟ ጋ ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ ሌላ ዝምታ ይጀምራል።

ክፉ ዜናን ለታማሚው አለመንገር በእኛ ዘንድ ጭካኔ ሆኖ አያውቅም፤ ፍቅር ነው። መርዶ እንኳ ሲነገር ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ተሰባስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው በሰው ተከቦ እያለ ነው። ማንም ሰው ብቻውን፣ በምሽት፣ በወረቀት አይረዳም። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የምዕራብ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ ካሊፎርኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የገጠማቸውን አስረድተው ነበር፦ ሐኪሙ ለታካሚው ፊት ለፊት መናገርን እንደ ሐቀኝነት ሲቆጥረው ቤተሰቡ እንደ ጥቃት ያየው ነበር። ጽሑፉ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ ጥያቄው ግን አላረጀም። በሌላው ጫፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ከ8,000 በላይ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የመለሱት መጠይቅ ከ100 ሰው ከ95 በላዩ ውጤቱን ከሐኪሙ በፊትም ቢሆን ወዲያው ማየት እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ሁለቱ ዓለማት እንዲህ የተራራቁ ናቸው።

የማምንበትን ልናገር። መደበቁ ፍርሃትን አያጠፋም። ሁሉም ሰው ዝም ያለበት ቤት ውስጥ ያለች ታካሚ ከምንም በፊት የምታውቀው ዝም መባሉን ነው፤ ባዶውን ቦታ በራሷ ትሞላዋለች፣ የምትሞላውም በከፋው ነው። “የፈሩት ይደርሳል” ስለሚባል ሕመሙን በስሙ መጥራት የሚጠራው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ግን እዚያው አባባል አጠገብ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚል ሌላ የአባቶች ቃል አለ። የፈረንጁን መንገድ እንዳለ እንገልብጥም አልልም። ሰው ሳይዘጋጅ፣ ብቻውን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ክፉ ዜና ማንበቡ ከእኛ የመርዶ ሥርዓት የተሻለ ነው ብዬ አላምንም። ማድረግ የሚቻለው ታካሚዋን ገና ምርመራው ሳይደረግ መጠየቅ ነው፦ ውጤቱን ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ? ማን አብሮሽ ይሁን? ወይስ መጀመሪያ ለልጅሽ ይነገር? መልሷ የሷ ነው። ጥያቄው ከውጤቱ በፊት ከተጠየቀ ቤተሰቡም ሐኪሙም ከመደበቅ ሸክም ይወጣሉ።

ይህን ማድረግ የማናውቀው አገር ብንሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። ግን እናውቃለን። ኤች አይ ቪ ሲያስጨንቀን በነበረበት ዘመን ማንም ሰው ደሙን ሰጥቶ በባዶው አይመለስም ነበር። ከምርመራ በፊት ምክር ነበር፣ ከምርመራ በኋላ ምክር ነበር። በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ በር ዘግታ “ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ? ለማን ትናገሪያለሽ?” ብላ ትጠይቅ ነበር፤ መልሱ ሲመጣም ያችው ነርስ ናት የምትናገረው። በነፃ የሚሰጠው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ሌላውን እየደገፉ፣ የቀረውን እየፈለጉ፣ ቤቱ ድረስ እየሄዱ ሠሩ። ይህ በመቱም፣ በጎሬም፣ በበደሌም፣ በሁሩሙም የተደረገ ነው። ያን ሥራ የሠሩት ነርሶች ብዙዎቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ታዲያ ለአንዲት የደም ጠብታ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ጤና ሥርዓት ጡቷ ላይ ዕጢ የተገኘባትን ሴት ለምን ያለ አንድ ቃል ወደ ማሽን ይልካታል? ልምዱን ለካንሰር ታካሚ አልሰጠናትም፤ መስጠት ግን እንችላለን።

ያኔ የተፈታ ሌላም ቋጠሮ ነበር። ሰው ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉ መድኃኒት መውሰድን እንደማይከለክል በይፋ ተናገሩ፤ ብዙ ነፍስ ያዳነ ቃል ነው። በኢሉባቦር ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ጎን ለጎን ይኖራል። ከከባድ ውጤት በኋላ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አባቱ፣ ወደ ሼኩ ወይም ወደ ፓስተሩ ነው፤ መሄዱም ተገቢ ነው። ግን ቀጣዩ የምርመራ ቀጠሮ ሲደርስ “ተፈውሻለሁ፣ ማሽን ምን ያደርግልኛል” ብሎ የሚቀር ሰው አለ፤ ከመቅረቱ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው እምነቱ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው። ይህን የሃይማኖት አባቶቹ ቢያውቁት “ሂድና አሳይ፣ እኛም እንጸልያለን” ማለት ለእነሱ ቀላል ነው።

ስለ ምርመራው ብዛትም አንድ ነገር አለ። ብዙ ታካሚ ቶሎ ቶሎ ካልታየ እንደሚሞት ያምናል፤ ሲቲ ስካን ያላዘዘለትን ሐኪም “አልተመለከተኝም” ይላል። በጣሊያን የተደረጉ ሁለት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ ጊዜ ታትመው ነበር። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን በድምሩ ከ2,500 በላይ ሴቶች ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በየጊዜው በራጅና በአጥንት ምርመራ ሲከታተሉ፣ ግማሾቹን በሐኪም እጅ ምርመራና በጡት ራጅ ብቻ ተከታተሉ። በሞት መጠን ልዩነት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ምልክት ለሌላት፣ በመጀመሪያ ደረጃ ታክማ ለጨረሰች የጡት ካንሰር ታካሚ በዓመት አንዴ የጡት ራጅና የሐኪም ምርመራ እንጂ በየጊዜው ሲቲ ስካን አይመከርም። ለሌሎች ካንሰሮች ሌላ ነው፤ ለአንጀት ካንሰር የታቀደ ሲቲ ስካን ይጠቅማል፣ ሕክምና ላይ ላለ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳየው እሱ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ ነውር የለውም፦ “ይህ ምርመራ ምን ይለውጣል? ባይደረግስ?” መልሱ “ምንም አይለውጥም” ከሆነ የሁሩሙ ሰው ያልተለቀመ ቡናውን ማስያዝ የለበትም።

አዲስ አበባ ለሚሄዱት ደግሞ ፍርሃትን የሚያቀል ሌላ ነገር አይቻለሁ፤ ማደሪያ ነው። ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በደም ካንሰር ያጡትን የአራት ዓመት ልጃቸውን በማሰብ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃል፤ የካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስም ለሕፃናቱ እንዲሁ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ትልቁን ነገር የሚያገኘው ከጎኑ ካለው አልጋ ነው። “እኔም ትናንት ገባሁ፤ ሙቀቱ ወዲያው ያልፋል” የሚል ሰው ከየትኛውም የተማረ አማካሪ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ከጡት ካንሰር ታካሚዎች ከአራት አንዷ ገደማ የድብርት ምልክት እንዳለባት ሲያሳይ ድብርቱ የበረታው የሰው ድጋፍ ባጡት ላይ መሆኑንም አመልክቷል። ዕድሩ ለቀብር የሚያወጣውን ጉልበት ጥቂቱን ለቀጠሮ ቀን ቢያውለው፣ አንድ ሰው አብሮ እንዲሄድ ቢመድብ፣ ምን ያህል በተጠቀምን።

ቀጠሮ ያለው ሰው በራሱ የሚያደርገውም አለ። ከምርመራው በፊት ባለው ማታ ወረቀቶቹን ሁሉ፣ የቀድሞ ፊልሞችንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ማስቀመጥ፤ አዲሱ ምስል ከድሮው ጋር ካልተመሳከረ የቆየ ጠባሳ አዲስ መስሎ ሊጻፍ ይችላልና። ጥያቄዎቹን በወረቀት መጻፍ። ውጤቱ የሚነገርበትን ቀንና የሚናገረውን ሐኪም ከማዕከሉ ሳይወጡ መጠየቅ። ውጤት ሲሰማ አብሮ የሚገባ፣ ልብ ብሎ የሚሰማ አንድ ሰው መምረጥ፤ ታካሚ የሰማውን ግማሹን አያስታውስም። ሥራ ለሚችል ደግሞ በመጠበቂያው ቀናት እጅን ሥራ ማስያዝ፦ ችግኝ ማፍላት፣ ቡና ማስጣት፣ ለገበያ መውጣት። ከሳምንታት በላይ እንቅልፍ የነሳ፣ መብላትን የከለከለ ጭንቀት ግን ራሱ የሚታከም ሕመም ነው፤ መቱም ሆነ ጅማ ለአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ስላለ ለሐኪሙ መናገር እንጂ መደበቅ አያስፈልግም።

የሚቀረው የጤና ተቋማቱ ሥራ ነው፤ ሕንፃም ማሽንም የሚጠይቅ አይደለም። ሪፈር የሚጽፈው ክፍል አንዲት ነርስ ትመድብ፤ ስልክ ይኑራት። ወደ ጅማ ከመላኳ በፊት ማሽኑ መሥራቱን ደውላ ታረጋግጥ፣ ከተቻለም ቀጠሮው ቡናው በሚሸጥባቸው ወራት እንዲውል ታመቻች። ምርመራው ምን እንደሆነ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳ። የውጤቱ ጽሑፍ ወደ መቱ ይላክ፣ ታካሚው ለወረቀት ብቻ 250 ኪሎ ሜትር እንዳይመለስ። ወረቀቱ ሲደርስ ያችው ነርስ ከሐኪሙ ጋር ሆና ታካሚውና የመረጠው ሰው ባሉበት ታንብብ። ከዚያ ለሁሩሙ ጤና ጣቢያ ትደውል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳምንትም ደጁን ማንኳኳት ትችላለች። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው የአንዲት ነርስ ደመወዝ፣ የስልክ ካርድና አንድ መዝገብ ነው።